ጥንቸሏን በጨረቃ ውስጥ ማስቀመጥ፦ የአዝቴክን ሥዕል በፍየል ብራና

ብዕር ከማንሣታችሁ በፊት ሙሉ ጨረቃ ጠብቁና ውጡ። እኔ ደብረ ማርቆስ ካለው ቤቴ ደጃፍ ሆኜ ከግቢያችን ባሕር ዛፍ በላይ ብቅ ስትል እጠብቃታለሁ። ፊቷ ላይ ያለውን ጥላ አስተውሉት። ሁለት ጆሮዎች ሽቅብ ቆመዋል፣ ከሥራቸው ራስ፣ ከዚያ የጎበጠ ጀርባ። ልትጠልቅ ስትል ጆሮዎቹ ቁልቁል ይዘቀዘቃሉ። አዝቴኮችም፣ የጥንቶቹ የሜክሲኮ ሰዎች፣ ያዩት ይህችኑ ጥንቸል ነው። በትረካቸው ቴኦቲዋካን በተባለችው ጥንታዊ የሜክሲኮ ከተማ ሁለት አማልክት እሳት ውስጥ ገብተው አንዱ ፀሐይ፣ ሌላው ጨረቃ ሆኑ። ብርሃናቸው እኩል ስለነበር ከአማልክቱ አንዱ ጥንቸል አንሥቶ የጨረቃን ፊት መታው፤ ብርሃኗም ደበዘዘ።

የምንከተለው አሣሣል ኮዴክስ ቦርጂያ የተባለው ባለሥዕል ጥንታዊ መጽሐፍ ነው። ስፔኖች ከመድረሳቸው በፊት በማዕከላዊ ሜክሲኮ የተሠራ ሲሆን፣ አሁን በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። የአጋዘን ቆዳ ነው፤ እንደ እኛ ሰንሱል ይታጠፋል። ገጹ በየጎኑ 27 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ብራናችሁን በዚሁ ልክ ቁረጡት። ከሁለቱ ገጽታ የሥጋው ወገን ይነጣል፤ በእርሱ ላይ ሥሩ። ጀሶ በሙጫ በጥብጣችሁ በስሱ ቀቡት፤ ከወፈረ ማጠፊያው ላይ ይረግፋል።

አሁን ወደ ጨረቃዋ። ማጭድ አትሣሉ፣ የሰው ፊትም አታድርጉላት። በዚህ ሥዕል ጨረቃ ዕቃ ናት። ገንቦ ከቁመቱ ለሁለት ተሰንጥቆ ውስጡ ሲታይ አስቡ፤ አፉ ወደ ሰማይ፣ ግድግዳው ከአጥንት፣ ውስጡ ውኃ። ጥንቸሏ በውኃው ውስጥ ትቀመጣለች። ከጎን ብቻ ሣሏት፦ አንድ ክብ ዓይን፣ ከከንፈር የወጡ ጥርሶች፣ ወደ ኋላ ያዘነበሉ ጆሮዎች።

መስመሩን በመቃ ብዕር አውጡት። እኔ የምጠቀመው ዲማ ሳለሁ የኔታ ያስተማሩኝን ጥቁር ቀለም ነው፤ ጥላሸትና የተቆላ እህል ተቀላቅሎ ለወራት የተብላላ። መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ውፍረቱ አንድ ይሁን። እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ አቁሙ፣ ክንዳችሁን አሳርፉና ካቆማችሁበት ቀጥሉ። ከዚያ ቀለሙን ድፍን አድርጋችሁ ሙሉት፤ ብርሃንና ጥላ አይግባበት። የመጀመሪያዋን ጥንቸሌን ከሆዷ ሥር አጥቁሬባት ነበር፤ ከውኃው ወጥታ በአየር ላይ የተንሳፈፈች መሰለች፣ ብራናውም ባከነብኝ። ለውኃው ሰማያዊ ሞገድ ይበቃል። ቀለሙ ሲደርቅ ጥቁሩን መስመር ደግማችሁ ሂዱበት።

በአዝቴክ የቀን መቁጠሪያ ቀኖች የሚጠሩባቸው ምልክቶች 20 ናቸው፤ አጋዘን ሰባተኛ፣ ጥንቸል ስምንተኛ፣ ውኃ ዘጠነኛ። ጥንቸሏ ከተዋጣላችሁ አጋዘኑ አያስቸግራችሁም፤ ያው የጎን ገጽታ፣ ያው መስመር ነው።

የቀረው ሌሊቱ ነው። በጨረቃዋ ዙሪያ ያለውን ሰማይ አጥቁሩትና ከዋክብቱን በዓይን መልክ አስገቡ፤ ነጭ ክብ፣ ከፊሉ በቀይ ሽፋሽፍት የተሸፈነ። ብሌኑን በመጨረሻ፣ በብዕሩ ጫፍ ነካ አድርጉት።