አሮጌ መኪናን በአዳማ ሙቀት ማኖር

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ስትወጡ ዳር ይዘው ኮፈናቸውን የከፈቱ መኪኖች አይጠፉም። ባለቤቱ ባዶ ሃይላንድ በእጁ ይዞ ስልክ ያወራል። አንድ ግንቦት እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። የሙቀት መርፌው ከመሃል አልፎ ሽቅብ ሲል አይቼዋለሁ። «ሞጆን ልለፍና አየዋለሁ» አልኩ። ሞጆን አለፍኩ። ከዚያ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጎበጠ፣ ጓርኒሲዮኑ (በራሱና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ተቃጠለ፣ ሞተር ወረደ። የሁሉም መነሻ ሲፈተሽ የራዲያተር ክዳን ሆነ። ላስቲኩ ደርቆ ነበር።

መኪናዬ 2ኢ ሞተር ያላት ኮሮላ ናት፤ 30 ዓመት አልፏታል። «ሽጠሃት ሌላ ግዛ» የሚለኝ ሞልቷል። በምን ብር? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ያገለገሉ መኪኖችን ሰቅሏቸዋል። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ከውጭ ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ ያለችንን መያዝ ነው። የምጽፈው ብዙ ካስከፈሉኝ በኋላ የገቡኝን ነገሮች ነው።

1. ማታ ካርቶን ዘርጉ

መኪናዋን ስታቆሙ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አድርጉ። የፓስታ ካርቶን ይበቃል። ጠዋት አውጥታችሁ እዩት።

ጥቁር ወይም ቡናማ ጠብታ የሞተር ዘይት ነው። አረንጓዴ፣ ሮዝ ወይም ዝገት የመሰለ ውሃ ከራዲያተር ወይም ከቱቦዎቹ ነው። ቀላ ያለ ዘይት ከአውቶማቲክ ካምቢዮ ወይም ከመሪው ሊሆን ይችላል። ኤሲ ካላት ንጹህ ውሃ ቢንጠባጠብ አትደንግጡ። ጎማ አጠገብ ቀጠን ያለ ዘይት ካያችሁ ግን ቁልፉን አታዙሩ። የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል መካኒኩን ቤት ጥሩት።

ጠብታው የወደቀበትን በእስክሪብቶ ክበቡት፤ የመኪናዋ ፊት በየት በኩል እንደሆነም ጻፉ። ካርቶኑን ይዤ ጋራዥ ስሄድ መካኒኩ ስቆብኛል። ቢሆንም የሚያፈሰውን ቦታ ለማግኘት አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም።

2. ውሃው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አዳማ ላይ ሞተር የሚበላው በአብዛኛው በዚህ በኩል ነው።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ ድስት ውስጥ የሚፈላው 95 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። የሞተር ውሃ ደግሞ በሥራ ላይ 90 አካባቢ ነው። የቀረው አምስት ዲግሪ ነው! የሚያድነን ክዳኑ ነው። ውስጡ ያለው ሞላ ግፊቱን አፍኖ ይይዝና ውሃው ከ110 በላይ እስኪደርስ እንዳይፈላ ያደርገዋል። ሞላው ከደከመ ወይም ላስቲኩ ከተሰነጠቀ ራዲያተሩ ከተራ ድስት አይለይም። ከዚያ ወደ 85 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መንገድ አለ። ሽቅቡ ዝግ ያለ ስለሆነ እናንተ አታውቁትም፤ ሞተሩ ግን ያውቀዋል።

ስለዚህ በወር አንዴ፣ ጠዋት ሞተሩ በደንብ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ክፈቱ። ላስቲኩን በጥፍራችሁ ጫን አድርጉት። እንደ ጫማ ሶል ከደነደነ ይቀየር። አዲሱን ስትገዙ አናቱ ላይ የተጻፈው የግፊት ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን። 0.9 የነበረውን 0.9 ነው የምትገዙት።

የምትሞሉት ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) እና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ነው። ባትሪ ውስጥ የሚጨመረው ንጹህ ውሃ ይሆናል። የጉድጓድ ውሃ ግን ይቅርባችሁ። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጡን ተመልከቱ። ያ ነጭ ቅርፊት ቀጫጭኖቹ የራዲያተር ቱቦዎች ውስጥም ይጋገራል። ራዲያተሩን ከውጭም እዩት፤ በወንጂ በኩል የሚመላለስ ሰው ፍርግርጉ በአቧራና በነፍሳት ተደፍኖ ያገኘዋል። ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ ኃይል በሌለው ውሃ እጠቡት። ኃይለኛ ውሃ ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል።

አሁን ወደ ቴርሞስታቱ፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚዘጋው ትንሽ በር ነው። አንድ ቀን መካኒክ «ጋሼ፣ እናውጣት፤ ለቆላ አትሆንም» ይላችኋል። ብዙ ሰው ያስወጣል። እኔም አስወጥቼ ነበር። ያለሱ ሞተሩ ጠዋት ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። ከዚያ በላይ ደግሞ የተደፈነ ራዲያተር ካለ ችግሩን ለጥቂት ወር ይሸፍንላችኋል። ከተጠራጠራችሁ አስፈትታችሁ በክር አንጠልጥሉትና ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ ጣዱት። የሚከፈትበት ዲግሪ ላዩ ላይ ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ 82 ወይም 88 ነው። ውሃው ሊፈላ ሲቃረብ አፉን ከፈት ሲያደርግ ታያላችሁ። ካልከፈተ በአዲስ ይቀየር። የወጥ ድስት አትጠቀሙ፤ ቤት ውስጥ ሌላ ጥገና ያስከትላል።

3. ዘይት፣ አየር፣ ቺንጋ

መለኪያውን ዘንግ ጠዋት፣ ሜዳ ላይ፣ ሞተር ሳይነሳ አውጡ፤ ጥረጉት፣ መልሱት፣ እንደገና አውጡ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ከሆነ ደህና ነው። ከላይኛው በላይ መሙላትም ጥፋት ነው። ዘይትና ፊልትሮውን በ5,000 ኪሎ ሜትር አንድ ላይ ቀይሩ። የዘይቱ ክዳን ሥር እንደ አይብ ያለ ነጭ ነገር ካገኛችሁ ውሃ ከዘይት ጋር እየተገናኘ ሊሆን ስለሚችል ሩቅ መንገድ ከመሄዳችሁ በፊት አስመርምሩ።

የአየር ፊልትሮውን በየ15 ቀኑ አውጥታችሁ አራግፉ። በአዳማ ነፋስ በወር ውስጥ ጭቃ ይመስላል።

ታይሚንግ ቺንጋ (የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች አብሮ የሚያዞር ቀበቶ) ያላት መኪና ከሆነች፣ እንደ እኔዋ፣ በ100,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይቀየራል። መቼ እንደተቀየረ የማታውቁ ከሆነ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። የብዙዎቹ ቪትዝ ሞተር በሰንሰለት ስለሚሠራ ይህ አይመለከታቸውም።

4. ጎማና ፍሬን

ጎማ ስትገዙ ጥርሱን ብቻ አትዩ። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ ታገኛላችሁ። 2319 ቢል በፈረንጆች 2019፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ያረጀ ጎማ አለ፤ ጎኑን ስታጥፉት ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች ይታያሉ። ነፋሱን ጠዋት ሳይሞቅ አስለኩ። የጎደለው ጎማ በሙቀትና በፍጥነት ነው የሚፈነዳው። በፈጣን መንገዱ የተፈቀደው 120 ነው፤ ለአሮጌ መኪና ግን ግዴታ አይደለም። እኔ 90 ላይ ስሄድ ክላክስ የሚነፋብኝ አለ። ይንፋ።

የፍሬን ዘይት እርጥበት እየሳበ ይኖራል። እርጥበት የጠጣ ዘይት ረጅም ቁልቁል ላይ ሲሞቅ ይፈላና ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል። ከአሰላ ስትወርዱ ይህ እንዳይደርስባችሁ በየሁለት ዓመቱ አስቀይሩት፤ ስትወርዱም በከባድ ማርሽ ውረዱ። ያገለገለ የፍሬን ሸራ አይገዛም። የበር እጀታ ወይም መስታወት ከፈረሰ መኪና ቢሆን ግድ የለም።

5. ጋራዥ ስትገቡ

ምልክቱን ንገሩ፤ ምርመራውን ለመካኒኩ ተዉለት። «ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ሞቷል፣ ቀይርልኝ» ካላችሁ ይቀይርላችኋል። ችግሩ የላላ ገመድ ቢሆንም ዲናሞውን የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ። «ማታ መብራት ሳበራ ይደክማል፤ ጠዋት ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ ይንገዳገዳል» በሉትና የቮልት መለኪያ እንዲያመጣ ጠይቁት። ሞተር ጠፍቶ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተር ሲነሳ ከ13.8 እስከ 14.4 ከሆነ ዲናሞው እየሠራ ነው። ይህን ሁለት ቁጥር ማወቅ ብቻውን ብዙ ብር አትርፎልኛል።

ሥራው ሳይጀመር የእጅ ዋጋውን ተነጋገሩ። «ከሠራን በኋላ እንነጋገራለን» ማለት ጥል ነው። የሚፈታው ከበድ ያለ ከሆነ ቁሙና እዩ፤ ሻይ አስመጡ። አንድ ጊዜ ትቼው ሄጄ ስመለስ «ቀየርነው» የተባልኩት ዕቃ ያው የራሴ፣ በቤንዚን የታጠበ ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ የወጣው ዕቃ እጄ ካልገባ አልከፍልም። መለዋወጫ ስትገዙም አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ኮሮላ ሁሉ አንድ አይደለም። ባለሱቁ «ይገጥማል» ካላችሁ «ካልገጠመ ትመልሳለህ?» በሉት፤ ደረሰኙ ላይም አስጽፉት።

ሁለት ሥራ በአንድ ቀን አታሠሩ፤ አዲስ ድምፅ ቢመጣ ከየትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፉ፦ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተቀየረው፣ ዋጋው። የእኔ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ይመስላል።

ቦሎ ከሚያልቅበት ወር አስቀድማችሁ መብራቱን፣ ፍሬቻውን፣ የእጅ ፍሬኑን፣ ጭሱን ራሳችሁ እዩ። የሦስተኛ ወገን መድኑም አብሮ ይታያል። ምርመራው ቀን አምፖል ፍለጋ መሮጥ አያስፈልግም።

6. መንገድ ላይ ከሞቀች

መርፌው ከወትሮው ቦታ ሲያልፍ ኤሲውን አጥፉ፣ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ መስኮት አውርዱ። በአዳማ ፀሐይ ማሞቂያ መክፈት እብደት ይመስላል፤ ግን ከሞተሩ ሙቀት ቀንሶ ወደ እናንተ ያመጣዋል። ካልወረደ ዳር ያዙ፣ አጥፉ፣ ሦስት ማዕዘኑን ከኋላ አቁሙ።

ክዳኑን አትንኩ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት። የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲጨበጥ የማያቃጥልና ለስለስ ያለ ሲሆን ጨርቅ ደርባችሁ እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ አዙሩት፤ ትንፋሹ ሲያልቅ ክፈቱ። ሞተሩን አስነሱና ውሃውን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። የሞቀና የደረቀ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ባንዴ ከተደፋ ይሰነጠቃል። አምስት ሊትር ውሃ ሁልጊዜ ከክሪክና ከስኮርታው ጎማ ጋር ከኋላ ይኑር።

የሞላችሁት ወዲያው ከጎደለ ወይም ከማርሚታው ነጭ ጭስ ከቀጠለ አትንዱ። የሚጎትት ጥሩ። እኔ ያን ዕለት የመጎተቻው ብር ከብዶኝ ነው የነዳሁት።