ጥርስ ስታስነቅሉ ማደንዘዣው እንዲይዝ፣ ክኒኑም እንዲሰራ ምን ታደርጋላችሁ

እኔ መንጋጋዬን ያስነቀልኩት ደሴ ነው፣ ከመሄዴ በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ ያደረግኩትን ሳስበው ግን አሁን ራሴ ያስቀኛል። ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ነበር፣ ካፕሱሉን ፈትቼ ዱቄቱን የተቦረቦረው ጥርስ ውስጥ እሞጅራለው፣ ማታ ቅርንፉድ ነክሼ እተኛለው፣ ትንሽ ሲሻለኝ ደግሞ በርጫዬ ላይ ቁጭ። ጉንጬ እንደ ዳቦ ሲነፋ ነው የሄድኩት፣ መርፌው ሶስቴ ተወግቼ አልያዘኝም፣ ዶክተሩን በሆዴ እየረገምኩ ወጣሁ፤ ጥፋቱ ግን የኔው ነበር።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ብዙ ጊዜ የሚወጉን ሊዶካይን ነው፣ 2 ፐርሰንት ሆኖ ትንሽ አድሬናሊን (1 ለ100,000 ወይ 1 ለ80,000) ተቀላቅሎበት ይመጣል። ሊዶካይን ነርቩ ውስጥ ሰርጎ ሶዲየም የሚገባበትን በር ሲዘጋ የህመሙ መልእክት አንጎል ሳይደርስ ይቀራል። መግል የያዘ ቦታ ግን አሲዳማ ስለሚሆን መድሃኒቱ የነርቩን ሽፋን ማለፍ ያቅተዋል፣ ውጪ ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ "እኔን መርፌ አይዘኝም" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የሄደ ሰው ነው።

አንደኛ፣ ሳያብጥ ሂዱ። አብጦም ከሆነ አብሽሩ፣ ሐኪሙ ከመግሉ ራቅ አድርጎ የነርቩ መነሻ ላይ ሊወጋ ይችላል፣ ወይ መጀመሪያ መግሉን ያፈሳል። ዱቄት መሞጀሩን ግን ተዉት፣ አሞክሳሲሊን በአፍ ተውጦ በደም ነው የሚሰራው፣ ጥርስ ቀዳዳ ውስጥ ምንም አይፈይድም። ቅርንፉድ ትንሽ ያደነዝዛል፣ ውሸት አይደለም፣ ዘይቱን ደጋግማችሁ ካደረጋችሁበት ግን ድዱን ያቃጥላል።

ሁለተኛ፣ በልታችሁ ሂዱ፣ ባዶ ሆድና ፍርሃት ሲገናኙ ሰው ወንበሩ ላይ ራሱን ይስታል። በዛን ቀን ጫት አትቃሙ። ጫት ራሱ ልብ ያስሮጣል ግፊት ይጨምራል፣ እዛ ላይ አድሬናሊን ሲደረብ ጥሩ አይደለም። ዶክተር ፊት ጫት ማንሳት የሚያፍር ብዙ ሰው አለ፣ ወሎ ውስጥ ማን አዲስ ሊሆንበት ነው ብላችሁ ነው፣ ንገሩት በቃ። ግፊት፣ ልብ፣ ስኳር፣ ደም ማቅጠኛ፣ እርግዝና፣ ፔኒሲሊን አለርጂ ካለባችሁም እንደዛው ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ሶስተኛ፣ ከተወጋችሁ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ታገሱ፣ ከንፈራችሁ ወፍሮ እስኪሰማችሁ። ልባችሁ ድው ድው ካለ ብዙ ጊዜ አድሬናሊኑ ነው፣ ቶሎ ያልፋል። እሱ የሚጨመረው የደም ስሩን አጥብቦ ሊዶካይኑን እዛው እንዲያቆየውና ደም እንዲቀንስ ነው። ሰውነት ላይ ሽፍታ ወይ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ወዲያው ጩኹ። እያመማችሁም ዝም አትበሉ፣ ሊጨመር ይችላል፤ አንዷ 1.8 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 36 ሚሊግራም ብቻ ናት የያዘችው፣ ጣሪያው በኪሎ ስለሚሰላ ለጤነኛ ትልቅ ሰው ሁለት ሶስት ብልቃጥ ብዙ አይደለም። ለልጅ ግን ስሌቱ ጠባብ ነው።

አራተኛ፣ ጥጡን ግማሽ ሰዓት ያህል ነክሳችሁ ያዙ፣ በመጀመሪያው ቀን አትጉመጥመጡ፣ እንትፍ እንትፍ አትበሉ፣ የረጋው ደም ከወጣ አጥንቱ ተራቁቶ ከጥርሱ የባሰ ህመም ያመጣል። ከንፈሩ ሳይነቃ ደግሞ ትኩስ ቡና ይቅርባችሁ፣ አቦል ሲቃጠል አይታወቃችሁም። ልጆች የደነዘዘ ከንፈራቸውን አኝከው ያቆስሉታል፣ ጠብቋቸው። ለብ ያለ ጨው ውሃ ከማግስቱ ጀምሮ።

አምስተኛው ክኒኑ ነው፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለተነቀለ ጥርስ ሁሉ አንቲባዮቲክ አያስፈልግም፣ ካልታዘዘላችሁ ፋርማሲ ሄዳችሁ አትለምኑ፤ ጥርስ ሲጠዘጥዝ የሚያስታግሰውም ፔይን ኪለር እንጂ አሞክሳሲሊን አይደለም (ጨጓራ ያለበት ሰው ኢቡፕሮፌን ይጠንቀቅ)። አብጦ ወይ ትኩሳት ኖሮ አሞክሳሲሊን 500 በየ8 ሰዓቱ ከታዘዘላችሁ ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ሰዓት ብላችሁ ያዙት። አሁን አያችሁ፣ የ8 ሰዓቷ በርጫ መሀል ላይ ነው የምትወድቀው! ጫት ደግሞ አምፒሲሊን የሚባለውን የአሞክሳሲሊን ዘመድ በደንብ፣ አሞክሳሲሊንንም በመጠኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሰዋል፣ እና ቅማችሁ የዋጣችሁት ክኒን ሙሉ ስራውን ላይሰራ ይችላል። ህክምናው እስኪያልቅ መተው ነው የሚሻለው፣ ቁስሉ ላይ ቅጠል ማላመጥም ጥሩ አይደለም፤ እምቢ ያለ ሰው ቢያንስ ቅሞ ከጨረሰ 2 ሰዓት ቆይቶ ይዋጥ። ሮመዳን ላይ ከሆናችሁ ቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፣ በቀን አንዴ ወይ ሁለቴ የሚወሰድ ይፈልግላችኋል፣ የሰሁርና የኢፍጣር ሰዓት ላይ ሶስቱን አጨናንቃችሁ እንዳትውጡ።

ሜትሮኒዳዞል አብሮ ከተሰጣችሁ አየር ለማይወዱት ጀርሞች ነው፣ አፍ የብረት ጣዕም ያመጣል፣ አትደንግጡ። ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ ግን እስክትጨርሱና ከዛም 3 ቀን እስኪያልፍ አይነኩም፣ ማቅለሽለሽና ፊት መቅላት ሊያመጣ ይችላል። ቴትራሳይክሊን ከቤት አግኝታችሁ ለልጅ አትስጡ፣ እያደገ ያለ ጥርስን ለዘላለም ያጠቁራል፣ ለነፍሰ ጡርም እንደዛው።

እብጠቱ አገጭ ስር ከወረደ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ወይ መተንፈስ ካስቸገረ ክኒን እስኪሰራ አይጠበቅም፣ ኩታበርም ሁኑ ሐይቅ መኪና ፈልጋችሁ በዛው ሌሊት ደሴ ሆስፒታል ድንገተኛ ግቡ።