ቆሮሶው ጠቆረ፣ መኖ እምቢ አለ፦ አንቲባዮቲክ ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን እዩ

ሀዋሳ ዙሪያ ከሀይቁ ወይ ከጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ውሃ እየሳባችሁ ኩሬ ላይ ቆሮሶ (ቲላፒያ) አሳ የምታረቡ፣ አሳው ላይ ቁስልም ጥገኛ ትልም ካላያችሁ መድሃኒቱን ተዉትና ውሃውንና መኖውን ጠርጥሩ። ብክለት አሳው ውስጥ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚባለውን ያመጣል፣ ማለት ፍሪ ራዲካል (ያገኘውን የሴል ክፍል የሚጎዳ ሞለኪውል) በብዛት ይፈጠርና ካታሌዝ ምናምን የሚባሉት ተከላካይ ኢንዛይሞች አልችል ሲሉ የሴሉ ስብ መበላሸት ይጀምራል፣ ስንጥብና ጉበት ቀድመው ይጎዳሉ።

ሊነጋ ሲል ላይ ወጥቶ አፉን የሚከፍት ከሆነ ኦክስጅን አልቋል ማለት ነው። ሌሊት አልጌው ራሱ ኦክስጅን ይጠቀማል፣ በዛ ላይ ሀዋሳ 1700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች 25 ዲግሪ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ሞላ ቢባል የሚይዘው 6.7 ሚሊግራም አካባቢ ነው (ባህር ወለል ላይ 8.2 ነው፣ የውጭ ማንዋል ስታነቡ አስቡት)። ፓምፑን ማታ አስነሱት እንጂ አሳው ሲያጣጥር አትጠብቁ፣ ምክንያቱም ኦክስጅን አልቆ ድንገት ሲመለስም ራዲካሉ ይበዛል። ጠዋት መኖ አትስጡ።

የስንጥቡን ክዳን ገልጣችሁ ቡናማ ካያችሁ ናይትራይት (ከመኖ ትራፊና ከአሳ ቆሻሻ የሚመጣ መርዝ) ነው። ሄሞግሎቢኑን ኦክሲዳይዝ ስለሚያደርገው ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ኩሬው ኦክስጅን ቢኖረው እንኳን ይታፈናል። መኖ አቁሙ፣ ውሃውን በከፊል ቀይሩ፣ ለ1000 ሊትር 1 ኪሎ ጨው ጨምሩ። ጨው ናይትራይቱን አያጠፋም፣ ክሎራይዱ በስንጥብ በኩል እንዳይገባ ይሻማዋል እንጂ።

ውሃው ደህና ሆኖ አሳው ከከሳ መኖውን አሽትቱት። የኑግ ፋጉሎ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ከርሞ የቆየ ዘይት ከሸተተ ስቡ ራሱ ኦክሲዳይዝ ሆኗል፣ ጣሉት። እውነቱን ለመናገር ፋብሪካ ውሃውን በከለው ብለን ከመውቀሳችን በፊት ብዙዎቻችን ማየት ያለብን ይሄንን ነው።

ብረታ ብረት ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ሜርኩሪና ካድሚየም ግሉታታዮን የሚባለውን የሴል መከላከያ ይዘው ስራ ያስፈቱታል፣ ኮፐር (መዳብ) ደግሞ ራዲካል ያመርታል፣ ስለዚህ አልጌ ላጥፋ ብላችሁ ኮፐር ሰልፌት አትበትኑ። ቫይታሚን ሲ እና ኢ ያለው መኖ ትንሽ ያግዛል፣ ብረቱን ግን አያወጣም፣ መፍትሄው የውሃውን ምንጭ መቀየር ነው። የሀዋሳ ሀይቅ በመሬት ላይ የሚፈስ መውጫ የለውም፣ የገባው ብረት እዛው ደለሉ ላይ ይቀመጣል፣ ሜርኩሪም ትንንሽ አሳ በሚበላው ቢልጫ ላይ ከቆሮሶ ይበልጥ ይጠራቀማል።

ላብራቶሪ ከላካችሁ ጉበትና ስንጥቡን ወዲያው በረዶ ላይ አድርጉት፣ ከንፁህ ኩሬ የመጣ ጤነኛ አሳም ለማነፃፀሪያ ላኩ። ካታሌዝ ብቻ አታስለኩ፣ መጀመሪያ ይጨምራል፣ አሳው ሲደክም ይወርዳል፣ እና ዝቅ ብሎ ስታዩት ደህና ነው ብላችሁ ልትሸወዱ ትችላላችሁ፣ የተበላሸውን ስብ የሚያሳየውን ኤምዲኤ አብራችሁ ጠይቁ።