የብሬል ማሳያን በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ማሠራት

የብሬል ማሳያ የኮምፒውተሩን ጽሑፍ በሚነሡና በሚወርዱ ነጥቦች በጣት የሚያስነብብ መሣሪያ ነው። በሊኑክስ ላይ ይህን መሣሪያ የሚያሠራው አንድ ፕሮግራም ብቻ አይደለም። ከታች ቢአርኤልቲቲዋይ የሚባለው ፕሮግራም መሣሪያውን ይዞ ነጥቦቹን ያነሣል፣ ያወርዳል። ከላይ ደግሞ ኦርካ የተባለው የስክሪን አንባቢ በግራፊክ ገጽታው ላይ ያለውን ጽሑፍ እያነበበ፣ ብርልኤፒአይ በሚባል መተላለፊያ በኩል ለቢአርኤልቲቲዋይ ያቀብላል። ማሳያው ባዶ ሲሆን ብዙ ሰው ኦርካን ደጋግሞ ይዘጋል፣ ይከፍታል፤ ችግሩ ከሁለቱ በየትኛው ላይ እንዳለ ሳይለዩ ማስተካከያ መነካካት ግን ድካም ብቻ ነው። ስለዚህ ምርመራው ሁልጊዜ ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ መውጣት አለበት።

የትእዛዞችንና የፋይሎችን ስም እዚህ የማስቀምጠው በአነባበባቸው ነው፤ ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ ማለትም ተርሚናል ላይ የሚጻፉት በትንንሹ የላቲን ፊደል ነው። ቢአርኤልቲቲዋይም ስድስት ፊደላት ነው፤ ቢ፣ አር፣ ኤል፣ ሁለት ቲ እና ዋይ።

ሊኑክስ ስርጭት በሚባሉ የተለያዩ ዓይነቶች ይመጣል፤ ከእነርሱ በዴቢያንና በኡቡንቱ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ብሎ የፕሮግራሙን ስም ማስከተል ይበቃል፤ በፌዶራ በአፕት ቦታ ዲኤንኤፍ ይገባል። ከተጫነ በኋላ ማሳያውን አብርቶ በዩኤስቢ ኬብል መሰካት ነው። ሁሉም ከተሟላ መጀመሪያ የፕሮግራሙ ስም ከነእትሙ ቁጥር በሴሎቹ (እያንዳንዱ የብሬል ምልክት በሚወጣባቸው የነጥብ ቦታዎች) ላይ ይወጣል፤ ቀጥሎም ግራፊክ ገጽታ ላይ ከሆኑ «ስክሪኑ በጽሑፍ ሁኔታ ላይ አይደለም» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ መልእክት ሊመጣ ይችላል። ይህን መልእክት ብዙዎች እንደ ብልሽት ያዩታል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ኬብሉ፣ ድራይቨሩ (መሣሪያውን የሚያናግረው የፕሮግራም ክፍል) እና ማሳያው ሁሉም ደህና መሆናቸውን፣ የቀረው የኦርካ ድርሻ ብቻ መሆኑን የሚነግር የምሥራች ነው። ለማረጋገጥ ኮንትሮል፣ ኦልት እና ኤፍ 3ን አንድ ላይ ተጭኖ ወደ ጽሑፍ ኮንሶል፣ ማለትም ጽሑፍ ብቻ ወዳለበት ገጽ መሄድ ይቻላል፤ የመግቢያ ስም የሚጠይቀው መስመር በጣት ከተነበበ የታችኛው ክፍል ያለ ጥርጥር ይሠራል።

ምንም ነገር ካልወጣ በመጀመሪያ «ኤልኤስዩኤስቢ» በሚለው ትእዛዝ ኮምፒውተሩ መሣሪያውን ማየቱን መፈተሽ ያስፈልጋል። በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ችግሩ የኬብል ወይም የኃይል ነው። ካለ ግን የተከፈተውን አገልግሎት «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ስቶፕ» ብሎ ስሙን በማስከተል አቁሞ፣ ፕሮግራሙን በእጅ ማስነሣት ነው፤ ሁለት ቅጂ በአንድ ጊዜ አንድን ማሳያ ሊይዝ ስለማይችል ማቆሙ የግድ ነው። ሲነሣ ከስሙ ቀጥሎ ሰረዝ ኤን፣ ሰረዝ ኢ፣ ከዚያም ሰረዝ ኤል ዲበግ ከተጨመረ ከጀርባ ሳይደበቅ የሚያደርገውን ሁሉ ተርሚናሉ ላይ ይዘረዝራል። ድራይቨሩን በስም መንገር ካስፈለገ በሰረዝ ቢ ሁለት ፊደል ይሰጠዋል፤ ለፎከስ ማሳያዎች ኤፍኤስ፣ ለሂዩማንዌር ኤችደብሊው፣ ለባውም ቢኤም ነው። የሠራው ምርጫ በኢቲሲ ማውጫ ውስጥ ባለው የቢአርኤልቲቲዋይ ኮንፍ (የማስተካከያ) ፋይል ላይ «ብሬል ድራይቨር» እና «ብሬል ዲቫይስ» በሚሉት መስመሮች ይመዘገባል፤ የመስመሩ መነሻ ላይ ያለውን የቁጥር ምልክት (#) ማጥፋት እንዳይረሳ።

እዚህ ላይ አንድ ጉዳይ ጠበቅ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። አንዳንድ ማሳያዎች ሌሎች ብዙ መሣሪያዎችም የሚጠቀሙበትን የተለመደ የዩኤስቢ ሲሪያል ቺፕ ይዘው ይመጣሉ። በኡቡንቱ 22.04 ላይ ቢአርኤልቲቲዋይ ሲኤች 340 የሚባለውን ቺፕ እንደ ብሬል ማሳያ እየቆጠረ ስለያዘው፣ አርዱዊኖ የተባለውን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የሚያሠሩ ሰዎች መሣሪያቸው ከኮምፒውተሩ ጠፋባቸው፤ «ቢአርኤልቲቲዋይን አጥፋው» የሚለው ምክርም በየቦታው ተዛመተ። በራስ ኮምፒውተር ላይ ይህ የማንም ጉዳት አይደለም። በትምህርት ቤት ላብራቶሪ ወይም በጋራ መሥሪያ ቦታ ግን አንድ ሰው ፕሮግራሙን ሲያራግፍ ነገ ብሬል ማሳያውን ይዞ የሚመጣው ተማሪ ዝም ያለ መሣሪያ ፊት ይቀመጣል። የሚሰኩ መሣሪያዎችን ከሚያስተናግደው የሊኑክስ ክፍል፣ ከዩዴቭ ደንቦች ውስጥ የዚያን ቺፕ ደንብ ብቻ ማሰናከል ይበቃል፤ ፕሮግራሙን ከሥሩ ማንሣት አያስፈልግም። በአንጻሩ የራሳችሁ ማሳያ እንዲህ ያለ ቺፕ ካለው በራሱ ላይታወቅ ስለሚችል ድራይቨሩንና መሣሪያውን በኮንፍ ፋይሉ በእጅ መጻፍ ይኖርባችኋል።

አማርኛ ለሚያነብ ሰው ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ፊደሎች በየትኞቹ ነጥቦች እንደሚወጡ የሚወስነው የቢአርኤልቲቲዋይ መደበኛ የጽሑፍ ሠንጠረዥ አንዱን ፊደል በአንድ ሴል ብቻ ያሳያል። በአማርኛ ብሬል ግን ከሳድስ በቀር የእያንዳንዱ ፊደል ተነባቢና አናባቢ ለየብቻ ይጻፋሉ። «ሰላም» በዓይን ሦስት ፊደል ነው፤ በጣት ግን አምስት ሴል ይይዛል፤ ሰ ነጥብ 2፣ 3፣ 4 ከዚያም 2፣ 6፣ ላ ነጥብ 1፣ 2፣ 3 ከዚያም 1፣ ም ደግሞ ብቻውን 1፣ 3፣ 4። ይህን ማድረግ የሚችለው ኮንትራክሽን ሠንጠረዥ የሚባለው ነው፤ ስሙ ለአጭር ጽሕፈት ቢመስልም ቢአርኤልቲቲዋይ ለአማርኛ የተዘጋጀውን ያልታጠረ ሠንጠረዥ ያስቀመጠው እዚያ ነው። በኮንፍ ፋይሉ ውስጥ «ኮንትራክሽን ቴብል» ለሚለው መስመር ኤ እና ኤም የሚሉትን ሁለት ፊደላት መስጠት፣ ከዚያም በፕሮግራሙ የምርጫ ማውጫ ውስጥ ኮንትራክትድ ብሬልን አብርቶ ምርጫውን ማስቀመጥ ነው። ባለ 40 ሴል ማሳያ 40 የአማርኛ ፊደል እንደማይይዝ ግን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ኮንሶሉ ራሱም ለረጅም ጊዜ እንቅፋት ነበር፤ በፎንቱ ውስጥ የሌለውን ፊደል የሊኑክስ ኮንሶል እንዳለ ስለማይዝ ለማሳያው የሚደርሰው ምትክ ምልክት ነበር። ከቢአርኤልቲቲዋይ ሠሪዎች አንዱ የሆነው ኒኮላ ፒትር ያዘጋጀው ለውጥ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ከወጣው ከርነል (የሊኑክስ ዋና አካል) 4.19 ጋር ስለገባ፣ ስክሪኑ ላይ ማሳየት የማይቻለው የግዕዝ ፊደል እንኳ በዩኒኮድ እንዳለ ለብሬሉ ይደርሳል። ስለዚህ አሮጌ ከርነል የያዘ ኮምፒውተር ካላችሁ ከሁሉ በፊት እርሱን አድሱ።

ወደ ግራፊክ ገጽታው ስንመለስ፣ ግኖም በተባለው የግራፊክ ገጽታ ኦርካ በሱፐር (የዊንዶውስ ምልክት ባለው ቁልፍ)፣ ኦልትና ኤስ ይከፈታል፤ ማስተካከያው ኢንሰርትና ስፔስ ሲጫኑ ይመጣል። በብሬል ገጹ ላይ የብሬል ድጋፍ የሚለውን ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። ኦርካ ጽሑፉን ወደ ብሬል የሚቀይረው ሊብሉዊ በሚባለው የፕሮግራም ቤተ መጻሕፍት ነው፤ እርሱም ለግዕዝ ፊደል የተዘጋጀ ሠንጠረዥ አለው። ይህ ሁሉ ሆኖ በኮንሶል የሚሠራው ማሳያ በግኖም ዝም ካለ፣ ተጠርጣሪው የብርልኤፒአይ ቁልፍ ፋይል ነው። ፋይሉ ኢቲሲ ውስጥ ይገኛል፤ የእናንተ የተጠቃሚ ስም ሊያነበው ካልቻለ ኦርካ መተላለፊያው ተዘግቶበታል ማለት ነው። እንደ አርች ባሉ ስርጭቶች መፍትሔው ተጠቃሚውን ብርልኤፒአይ በሚባለው ቡድን ውስጥ ጨምሮ ወጥቶ እንደገና መግባት ነው።

ብሉቱዝ የምትፈልጉ ከሆነ መጀመሪያ በኬብል አሠርታችሁ ጨርሱ። ከዚያ «ብሉቱዝሲቲኤል» በሚለው ትእዛዝ ማሳያውን ፈልጉት፣ አጣምሩት፣ ታማኝም አድርጉት፤ በኮንፍ ፋይሉ የመሣሪያ መስመር ላይ ብሉቱዝ፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያም የማሳያውን አድራሻ ጻፉ።

ሊኑክስን ገና የሚጭን ሰው ደግሞ ዴቢያንን ቢመርጥ ያለማንም እገዛ ብቻውን መጨረስ ይችላል። ማሳያው ኮምፒውተሩ ከመነሣቱ በፊት በዩኤስቢ ከተሰካ ጫኚው ራሱ አውቆት ጥያቄዎቹን በብሬል ያቀርባል፤ ያንኑ ቅንብርም ወደ ተጫነው ሲስተም ያሻግረዋል። በተለመደው ሲሪያል ቺፕ የሚሠሩት ማሳያዎች ግን በራሳቸው አይታወቁም፤ ለእነርሱ በማስነሻው መስመር ላይ የፕሮግራሙን ስም፣ የእኩል ምልክት፣ ቀጥሎም ድራይቨሩን፣ መሣሪያውንና ሠንጠረዡን በላቲን ኮማ እየለዩ መጻፍ ይጠይቃል።