ጆይስቲክ ወይስ ማውስ፦ ተኩስ ጌም ላይ ቶሎ ቶሎ ለሚሞት

ጅማ ውስጥ አብዛኛው ልጅ እጁን የሚፈታው ጌም ቤት ነው፣ ያውም በኳስ ጌም። ከዚያ ላፕቶፕ ያገኝና ካውንተር ስትራይክ ወይም ኮል ኦፍ ዱቲ የሚባል ተኩስ ጌም ይጭናል። ሁለት ቀን ሲደበደብ ይከርምና "ማውስ ልግዛ ወይስ ጆይስቲክ?" ማለት ይጀምራል። ቆይ፣ ብር ከማውጣትህ በፊት ምልክቱን እንይ።

ኢላማው (ስክሪኑ መሃል ያለው ማነጣጠሪያ) ጠላትን አልፎ ይሄዳል፣ ስትመልሰው በሌላ በኩል ያልፋል

ይሄ የጆይስቲክ ችግር ነው፣ እጅህ ስለማይረባ አይደለም። የጆይስቲክ ዱላ ለጌሙ የሚነግረው ፍጥነትን ነው፤ ገፍተህ እስከያዝከው ድረስ እይታህ ይዞራል፣ ስትለቀው ይቆማል። ማውስ ግን ርቀትን ነው የሚነግረው፤ እጅህ በሄደበት ልክ ኢላማው ይሄዳል፣ እጅህ ሲቆም ይቆማል። ከሩቅ ጭንቅላት ለመምታት ማውስ የሚሻለው ለዚህ ነው፣ ክርክር አያስፈልገውም።

ጆይስቲክ ብቻ ካለህ ሴንሲቲቪቲውን፣ ማለትም ዱላውን ስትገፋ እይታህ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ቀንስ። በጣም ቀንስ። ጥቃቅኑን ማስተካከያ ደግሞ ለግራው ዱላ ተወው፦ ሰውየህ ወደ ጎን ትንሽ ፈቀቅ ሲል ኢላማውም አብሮት ይጠጋል። ኤይም አሲስት ካለ አብራው፤ ኢላማህ ጠላት ላይ ሲያርፍ ጌሙ ዙሩን ያቀዘቅዝልሃል፣ አንዳንድ ጌም እንዲያውም ጠላትን ተከትሎ ይዞርልሃል። የኮል ኦፍ ዱቲው ዋርዞን ላይ በቅርብ ውጊያ ባለማውሶቹ ሲያማርሩ የምትሰማው በዚህ ነው። ቫሎራንት የሚባለው ተኩስ ጌም በፒሲ ከሆነ ግን ጆይስቲክህን አስቀምጠው፣ አይቀበልም።

ዱላውን ሳትነካው ሰውየህ ይራመዳል

ድሪፍት ይባላል። ዱላው ስር ቦታውን የሚለካው ክፍል በመፋተግ ሲያልቅ፣ መሃል ላይ ቆሞ እንኳን "ተገፍቻለሁ" ይላል። ከጌም ቤት የወጣ ያገለገለ ጆይስቲክ ልትገዛ ከሆነ እዚህ ጋ ዓይንህን ክፈት። ኳስ ጌም ሲጫወቱ ቀኑን ሙሉ የሚሠቃየው የግራው ዱላ ነው፣ ከሱ ቀጥሎ አር ቱ፣ ማለትም ከኋላ በቀኝ ጣትህ የምትጫነው፣ ፊፋ ላይ መሮጫው። ተኩስ ጌም ላይ ደግሞ አር ቱ ቃታህ ነው! ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት አር ቱን ቀስ ብለህ እስከ ታች ተጫነው፤ ከላላ ወይም መሃል ላይ ከያዘ ተወው። ዱላውንም ወደ ዳር ገፍተህ ልቀቀውና መሃል መመለሱን እይ።

ቤትህ ያለው ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ዴድ ዞኑን፣ ማለትም ዱላው ትንሽ ቢነቃነቅ ጌሙ ችላ የሚለውን ክልል፣ መራመዱ እስኪቆም ብቻ ጨምር። ከዚያ ካለፍክ ዱላው ይደነዝዛል። ብሶበት ከሆነ የዱላውን ክፍል እንዲቀይርልህ ብየዳ ለሚችል የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ስጠው። አዲስ የምትገዛ ከሆነ ሆል ኢፌክት የሚባለውን ፈልግ፤ በማግኔት ስለሚሠራ ቦታውን የሚለካው ክፍል አይፋተግም።

የማውሱ ቀስት ይዘላል፣ ይንቀጠቀጣል

ጠረጴዛህ ላይ የተነጠፈውን ላስቲክ አንሳው። የማውሱ መብራት በሚያብረቀርቅና በሚያሳይ ነገር ላይ ይሳሳታል። ፓድ ከሌለህ ለጥ ያለ ካርቶን ይበቃል።

አንድ ዓይነት የእጅ እንቅስቃሴ፣ የተለያየ ርቀት

ዊንዶውስ የማውስ ሴቲንግ ውስጥ "ኤንሃንስ ፖይንተር ፕሪሲዥን" የሚለውን አጥፋ። እጅህን በፍጥነት ስትወስደው ቀስቱን አርቆ የሚጥለው እሱ ነው። ዲፒአዩን፣ ማለትም የማውሱን የራሱን ፍጥነት፣ 800 ላይ አድርገህ የቀረውን ጌሙ ውስጥ አስተካክል።

አቀማመጥም አለ። በእኛው በጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ ከፍ ባለ ጠረጴዛ ማውስ ከያዝክ፣ ክርንህ ተንጠልጥሎ አንጓህ ብቻ ነው የሚሠራው። በርጩማው ለቡና ነው፣ ወንበር አምጣ። ክርንህ ጠረጴዛው ላይ ይረፍ።

እየሮጥክ ስትዘል ወይም ስትጎነበስ አንዱ ቁልፍ አይሰማም

የርካሽ ኪቦርድ ባህሪ ነው፤ አንዳንድ ሦስት ቁልፎችን አንድ ላይ መለየት አይችልም። ጌሙ ውስጥ የመጎንበሻውን ቁልፍ ወደ ሌላ ቀይርና ሞክር።

ሁሉም ነገር ዘግይቶ ነው የሚደርሰው

መብራት ሄዶ ላፕቶፑ በባትሪ እየሠራ ከሆነ ምክንያቱ ያ ነው፤ ኃይል ለመቆጠብ ራሱን ያዳክማል፣ ስለዚህ ደረጃ የሚቆጠርበትን ጨዋታ ለሌላ ጊዜ አቆየው። መብራት እያለ ከሆነ ጌሙ ውስጥ ምስሉን ከስክሪኑ ጋር ለማስማማት የሚያስጠብቀውን ቪ ሲንክን አጥፋ፣ ብሉቱዙን ትተህ ጆይስቲኩን በኬብል ሰካ። ቲቪ ላይ የምትጫወት ከሆነ የቲቪውን ጌም ሞድ አብራ፣ ምስሉን ማሳመር ትቶ ቶሎ ያሳይሃል።

ሁሉም ተስተካክሎ አሁንም ትሞታለህ

ዛሬ ማውስ፣ ነገ ጆይስቲክ እያልክ አይሆንም፣ እጅህ አንዱንም አይለምድም። ጓደኞችህ ሶፋ ላይ ሆነው ቲቪ ላይ የሚጫወቱ ከሆነ በጆይስቲክ ጽና። ላፕቶፕ ላይ ብቻህን ካውንተር ስትራይክ የምትገባ ከሆነ ማውስ ነው፣ በቃ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከኮምፒውተሩ ቦቶች ጋር ተጫወት፣ እነሱ አይሳደቡም።