ሁለቱን ትንንሽ ቀያይ ወፎች ስንለይ የምንሳሳተው የት ላይ ነው?

ጤፍ የሚነፋበት ደጅ ላይ ተቀምጦ ያየ ሰው አንደኛዋን ያውቃታል። ነፊዋ ወንፊቱን አስቀምጣ ዞር ስትል ከአጥር ሥር ብቅ ትልና በዶሮዎቹ እግር መካከል የወደቀውን ትለቅማለች። ወንዱ ከራሱ እስከ ደረቱ ቀይ ነው፤ ሴቷ ቡናማ ናት። ርዝመቷ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በሳይንሳዊ ስሟ ላጎኖስቲክታ ሴኔጋላ ትባላለች፤ እዚህ ቀይ ምንቃር ልበላት። ሌላዋ፣ ላጎኖስቲክታ ሩብሪካታ፣ ቁጥቋጦና የጫካ ዳር የምትወድ ናት፤ አገራችን ውስጥ በምዕራብና በደቡብ ትገኛለች። ምንቃሯ ሰማያዊ ግራጫ ስለሆነ እሷን ሰማያዊ ምንቃር እላታለሁ። ሁለቱም ፋየርፊንች ከሚባለው ወገን ናቸው። በመጀመሪያው የማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ሰማያዊ ምንቃር» ብዬ የጻፍኳቸውን አብዛኞቹን ኋላ ላይ ሰርዣቸዋለሁ። የሰረዝኩባቸው ምክንያቶች እነዚህ ናቸው።

ቅላቷን እየለኩ መፍረድ

ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ቀዩ ላይ ስለሆነ ጀማሪን አልወቅስም። ነገር ግን ቀይ ሁለቱም አላቸው። የሰማያዊ ምንቃር ቅላት ጠለቅ ያለ ነው ይባላል፤ እውነት ነው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው። ማን ያስቀምጥልናል? ያችው አንዲት ወፍ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፀሐይ ሲያገኛት ፍም ትመስላለች፤ አጋም ሥር ስትገባ ደግሞ የደረቀ በርበሬ። የስልክ ካሜራ ቀለሙን በራሱ ፈቃድ ስለሚያደምቀው በፎቶ ላይ ስለ ቅላት መከራከር ድካም ነው።

ጥቁር ምንቃር ያየ ሁሉ ሰማያዊ ምንቃር አየሁ ማለቱ

እኔን ደጋግሞ የጣለኝ ይህ ነው። የአዋቂዋ ቀይ ምንቃር ምንቃር ጎኑ ሮዝ ቀይ ቢሆንም ከላይ ጀርባው ጠቆር ያለ ነው። መሬት ላይ ጎንበስ ብላ ስትለቅም እኛ ከላይ ቆመን የምናየው ያንን ጠቆር ያለውን መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ በርከክ ብሎ ከጎን ማየት ያስፈልጋል፤ ሱሪ መቆሸሹ አይቀርም።

ሁለተኛው ወጥመድ ጫጩቶቹ ናቸው። በቅርቡ ከጎጆ የወጣች ቀይ ምንቃር ምንቃሯ ጥቁር ነው። ፊቷ ላይ ቀይ የለም፣ ደረቷ ላይ ያሉት ጥቃቅን ነጭ ነጠብጣቦችም ገና አልወጡም፤ ቀይ የሆነው ከጭራዋ በላይ ያለው የጀርባዋ ግርጌ ብቻ ነው። መላ አካሏ ቡናማ፣ ምንቃሯ ጥቁር፣ ስትበር ወገቧ ቀይ፦ መጽሐፍ ገልጦ የማይሳሳት ጀማሪ አላውቅም። መፍትሔው አብራት ያለችውን ማየት ነው። ትንሿ ክንፏን እያርገበገበች ምግብ የምትለምናት እናት ምንቃሯ ቀይ ከሆነ ጉዳዩ አለቀ። አዋቂዎቹን በዓይናቸው ዙሪያ ያለው ቀጭን ቢጫ ቀለበትም ያጋልጣቸዋል፤ እሱን ለማየት ግን ባይኖኩላርና ቅርበት ይጠይቃል።

ጭራዋንና ከጭራዋ ሥር ያለውን ላባ ማምታታት

አንድ ምልክት ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ከጭራ ሥር ያለውን ላባ ነው። ሆድ አልቆ ጭራ ከመጀመሩ በፊት ያለችው አጭር ቦታ በሰማያዊ ምንቃር ላይ ጥቁር ናት፤ በቀይ ምንቃር ላይ ፈዛዛ ቡናማ። ችግሩ ጭራው ራሱ የሁለቱም ጠቆር ያለ መሆኑ ነው። ሰዎች «ከጭራ ሥር ጥቁር» ሲባሉ ጭራውን አይተው ይመለሳሉ፤ ከዚያ መንደር ሙሉ ወፍ ሰማያዊ ምንቃር ይሆናል።

ቦታዋን ለማየት ወፏ ከፍ ብላ እንድታርፍ መጠበቅ ነው። ከመሬት ተነሥታ አጥር ላይ ወይም የልብስ ማድረቂያ ገመድ ላይ ስትሰፍር፣ ከሥር ሆናችሁ ከሆዷ ወደ ኋላ ተከተሏት። የሆዷ ቀለም በጥቁር ተቆርጦ ጥቁሩ እስከ ጭራው ከዘለቀ ሰማያዊ ምንቃር ናት። ጭራው እስኪጀምር ድረስ ፈዛዛው ከቀጠለ ያችው የደጃችሁ ወፍ ናት። በዚህች ቦታ ላይ ቀይ የሚባል ነገር ስለሌለ ማንም አያያትም።

ሴቷን እንደ ድንቢጥ መቁጠር

ቡናማ ስለሆነች ብዙዎች ያልፏታል። የቀይ ምንቃር ሴት ግን ከምንቃሯ እስከ ዓይኗ ባለችው ቦታ ቀይ ተቀብታለች፤ የቀረው አካሏ ደብዛዛ ነው። የሰማያዊ ምንቃር ሴት ከሥር ወደ ሮዝ ታደላለች። ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚሄዱ ወንዱ ጀርባውን ሲሰጣችሁ እሷን እዩ።

«ቤት አጠገብ ስለሆነች» ማለት

አብዛኛውን ጊዜ ያስኬዳል። ቀይ ምንቃር በሣር ክዳን ውስጥና በግድግዳ ቀዳዳ ሳይቀር ጎጆ ትሠራለች፤ ውስጡንም በላባ ታነጥፈዋለች። ነገር ግን ጓሮው ከጫካ ዳር ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ አልምልም።

በድምፅ ብቻ መወሰን

አንድ ቀን የቀይ ምንቃርን ዜማ ሰምቼ ቀና ስል፣ የሽቦው ጫፍ ላይ የሚዘምረው ወፍ ከራሱ እስከ ጭራው ወደ ሰማያዊ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ነበር። ምንቃሩ ነጭ፣ እግሩ ብርቱካናማ። የመንደር ኢንዲጎ ወፍ ይባላል። ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው በቀይ ምንቃር ጎጆ ውስጥ ነው። ጫጩቷ ከባለቤቶቹ ጫጩቶች ጋር አብራ ታድጋለች፤ አፏን ስትከፍት የሚታየው ነጠብጣብም የእነሱን ይመስላል። ወንዱ ካደገ በኋላ ከራሱ ዜማ ጋር የአሳዳጊውን ዜማ ቀላቅሎ ይዘምራል፤ ሴቷም የምትፈልገው ያንን የሚያውቅ ወንድ ነው። አሜሪካዊው የወፍ ተመራማሪ ሮበርት ፔይንና ባልደረቦቹ ጫጩቶቹን በሌላ ዓይነት ወፍ ሥር አሳድገው ሲያዩ፣ ወንዶቹ የዚያኛዋን ወፍ ዜማ ተምረው ተገኝተዋል።

ስለዚህ በጆሮዬ ብቻ የሰማሁትን በደብተሬ ላይ በእርሳስ እጽፈዋለሁ። ወፉን ካየሁት ብቻ በእስክሪብቶ እደግመዋለሁ።