ታነሉ መንገድ ላይ ሲቆም፦ ቪፒኤን ሲጠገን ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል ወይም ዘጌ ያለ የቡና መጋዘን አዲስ አበባ ካለው ዋና መሥሪያ ቤቱ ጋር በአይፒሴክ ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ ዳታን መስጥሮ ሁለት ቢሮ በሚያገናኝ መንገድ) ሲገናኝ፣ ያ መንገድ ማለትም ታነሉ በአንድ ጊዜ ተነሥቶ አያልቅም። መጀመሪያ ሁለቱ ራውተሮች ተዋውቀው ቁልፍ ይለዋወጣሉ፤ ይህ ፌዝ ዋን ነው። ቀጥሎ የትኛው ኔትወርክ ከየትኛው ጋር እንደሚነጋገር ይስማማሉ፤ እሱ ደግሞ ፌዝ ቱ ነው። ታነሉ የቆመበት ቦታ ራሱ ጥፋቱ የት እንዳለ ይናገራል። ችግሩ፣ አብዛኛው ሰው የት እንደቆመ ሳያይ ሴቲንግ መቀያየር ይጀምራል።

ሎግ ሳያዩ አጥፍቶ ማብራት

ብዙ ትናንሽ ራውተሮች ሎጋቸውን (የሆነውን የሚመዘግቡበትን ዝርዝር) የሚይዙት ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋ ሜሞሪ ላይ ነው። ሶኬቱን ሲነቅሉት ማስረጃውም አብሮ ይሄዳል። በዚያ ላይ የሚነበበው ሎግ የማን መሆኑም ለውጥ ያመጣል፤ ግንኙነቱን የጀመረው ራውተር አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው እምቢ መባሉን ብቻ ነው። ለምን እንደተባለ የሚያውቀው ተቀባዩ ነው። ስለዚህ ጀልባ ተሳፍሮ ዘጌ ከመሻገር በፊት አዲስ አበባ ደውሎ የዚያኛውን ወገን ሎግ ማስነበብ ይቀድማል።

በቴልኔትና በፒንግ መፈተሽ

ብዙ ሰው ፖርት ክፍት መሆኑን የሚሞክርበት ቴልኔት የሚሠራው በቲሲፒ ነው፤ የቁልፍ ልውውጡ ደግሞ በዩዲፒ ፖርት 500 ነው፤ ሁለቱ የተለያዩ የመላኪያ መንገዶች ናቸው። ቴልኔት አልመለሰም ማለት ምንም ማለት አይደለም። ፒንግ አለመመለሱም እንደዚያው፤ ማዶ ያለው ፋየርዎል ፒንግ ዘግቶ ታነል ሊቀበል ይችላል። ትክክለኛው ፈተና በሁለቱም ጫፍ የዋን (ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው) ኢንተርፌስ ላይ ፓኬት ካፕቸር (የሚያልፈውን ትራፊክ መመዝገቢያ) ከፍቶ ዩዲፒ 500ን እና 4500ን ብቻ አጣርቶ ማየት ነው። ባሕር ዳር ወጥቶ አዲስ አበባ ካልደረሰ መሐል ላይ የሚዘጋ አለ። ደርሶ መልስ ካልወጣ ጥፋቱ አዲስ አበባ ነው።

500ን ከፍቶ 4500ን መርሳት

ይህኛው ብዙ ሰው የሚያደክም ነው፤ ምክንያቱም ሌላ በሽታ ይመስላል። ከሁለቱ ራውተሮች አንዱ ከናቲንግ (የውስጥ አይፒን በሌላ አይፒ ከሚተካ አሠራር) ጀርባ ከሆነ፣ ልውውጡ በ500 ይጀምርና ናቲንግ መኖሩ እንደታወቀ ወደ 4500 ይዛወራል። በአይክ (የቁልፍ ልውውጡ ፕሮቶኮል ነው) ቨርዥን 1፣ ሜይን ሞድ በሚባለው አሠራር ስድስት መልእክቶች አሉ፤ አራቱ በ500 ያልፋሉ፣ አምስተኛው በ4500 ይወጣል። በቨርዥን 2 ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄና መልስ በ500፣ ማንነት የሚረጋገጥበት ሁለተኛው በ4500 ነው። 4500 ከተዘጋ ሁሉም ነገር በደንብ ጀምሮ ልክ የይለፍ ቁልፉ (ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው የተስማሙበት የምስጢር ቃል) የሚፈተሽበት ቦታ ላይ ይቆማል። ከዚያ ሰውዬው ቁልፉን አሥር ጊዜ ይቀይራል።

መለያው ቀላል ነው። ቁልፉ ከተሳሳተ አምስተኛው መልእክት ተቀባዩ ጋ ይደርሳል፤ ነገር ግን መፍታት ስለማይችል ሎጉ ላይ የተበላሸ ፓኬት ብሎ ያማርራል። ፖርቱ ከተዘጋ ተቀባዩ ጋ ጭራሽ ምንም አይደርስም።

ናቲንግ በሌለበት ዳታው የሚሄደው የተመሰጠረ ዳታ በሚሸከመው ፕሮቶኮል፣ በኢኤስፒ ነው፤ ቁጥሩ 50 ነው። ይህ የፕሮቶኮል ቁጥር እንጂ የፖርት ቁጥር አይደለም። ፋየርዎል ላይ ቲሲፒ ፖርት 50 ተከፍቶ ከታየ፣ የከፈተው ሰው ይህን አደባልቆታል።

ቁልፉን በቴሌግራም ተቀብሎ ሳያዩ መለጠፍ

መጨረሻው ላይ የተጣበቀች ባዶ ቦታ ለራውተሩ አንድ ፊደል ናት። ቴሌግራም በሁለት ጥንድ ኮከብ መካከል ያለውን ጽሑፍ አድምቆ ኮከቦቹን ያነሣቸዋል፤ ቁልፉ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ተቀባዩ ጋ የሚደርሰው ሌላ ቃል ነው። ቁልፍ በስልክ ተነባቦ ይጻፍ፤ ለደኅንነቱም ይሻላል።

ሲም ካርድ የገባበትን ራውተር ከማዶ ለመጥራት መሞከር

የሐይቁ ዳር ቅርንጫፍ በ4ጂ ራውተር ከሆነ የሚጠቀመው፣ መጀመሪያ ዋን ላይ ያለውን አይፒ ይመልከቱ። በ10 ከጀመረ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ የራሱ ፐብሊክ አይፒ የለውም፤ ከብዙ ደንበኞች ጋር አንዱን ይጋራል። አዲስ አበባ ሊጠራው አይችልም። ጀማሪው ሁልጊዜ ቅርንጫፉ ይሁን፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ተቀባይ ብቻ ሆኖ ይቀመጥ።

እዚሁ ላይ ሁለተኛ ወጥመድ አለ። ቅርንጫፉ ማንነቱን ሲናገር በናቲንጉ ውስጥ ያለውን አይፒ፣ ለምሳሌ 192.168.8.2ን ይጠራል፤ ማዶ ያለው ደግሞ ፐብሊክ አይፒ ይጠብቃል፣ ስለዚህ ማንነቱ አልተረጋገጠም ብሎ ይመልሰዋል። በሁለቱም በኩል መለያውን በአይፒ ሳይሆን በስም ያድርጉት። ይህን በቨርዥን 2 ይሥሩት፤ በቨርዥን 1 ሜይን ሞድ ተቀባዩ ቁልፉን የሚመርጠው ስሙን ከማየቱ በፊት በአይፒው ስለሆነ፣ አይፒው የሚቀያየር ቅርንጫፍ ላይ አይሆንም። አንዳንዱ መፍትሔ ብሎ አግሬሲቭ ሞድ ይከፍታል። አይመከርም፤ በቁልፉ የተሠራውን ሃሽ (ከቁልፉ የተሰላ አሻራ) ሳይሸፍን ስለሚልክ፣ ያንን መንገድ ላይ የጠለፈ ሰው ቁልፉን ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊገምት ይችላል።

ፌዝ ዋን አረንጓዴ ሲሆን አለቀ ማለት

ፌዝ ዋን ተነሥቶ ፌዝ ቱ ከቀረ ቁልፉን አይንኩ፤ እሱ አልፏል። የሚታየው የኔትወርኮቹ ዝርዝር ነው። ሆቴሉ የእኔ 192.168.20.0/24፣ የእናንተ 10.10.0.0/16 ብሎ ከጻፈ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ይህንኑ ገልብጦ መጻፍ አለበት። ማዶ ያለው 192.168.2.0/24 ብሎ አንዲት ዜሮ ከዘለለ ሎጉ ላይ «ቲኤስ አንአክሴፕተብል» ይወጣል። «ኖ ፕሮፖዛል ቾዘን» ከወጣ ግን ችግሩ ከኔትወርኩ ሳይሆን ከምስጠራው፣ ከሃሽ ወይም ከዲኤች ግሩፕ (የጋራ ቁልፍ የሚሠራበት የሂሳብ ደረጃ) ነው፤ አንዱ 14፣ ሌላው አሮጌ ሆኖ 2 ላይ ቀርቶ ይሆናል። ሁለቱም ወገን 192.168.1.0/24 ከሆኑ ደግሞ ታነሉ ቢነሣም አይጠቅምም፤ የአንደኛው ሰብኔት ይቀየር።

ላይፍታይም (ቁልፉ ሳይታደስ የሚቆይበት ጊዜ) አለመግጠሙ ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል። በቨርዥን 2 ጭራሽ ድርድር አይደረግበትም። እውነተኛው ጥፋተኛ ብዙ ጊዜ ፒኤፍኤስ ነው፤ ይህ ቁልፉ ሲታደስ ከቀድሞው ያልተወለደ አዲስ ቁልፍ የሚያሠራ ሴቲንግ ነው። በቨርዥን 2 የመጀመሪያው ፌዝ ቱ የሚሠራው ማንነት በሚረጋገጥበት ልውውጥ ውስጥ ስለሆነ የፒኤፍኤስ ግሩፕ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ቁልፉ ሲታደስ ነው። ስለዚህ አንዱ ወገን ፒኤፍኤስ ቢኖረው ሌላው ባይኖረው ታነሉ በሰላም ይነሣና፣ ላይፍታይሙ 3600 ሴኮንድ ከሆነ አንድ ሰዓት ሊሞላው ሲል ይወድቃል። በየሰዓቱ የሚወድቅ ታነል ሲያጋጥም ኢንተርኔቱን ከመራገም በፊት ይህን ይዩ።

ታነሉ ተነሥቶ ዳታ ካላለፈ ቆጣሪዎቹን ያንብቡ። የሚወጣው እያደገ የሚገባው ዜሮ ከሆነ፣ ማዶ ያለው ወደ ታነሉ አይመልስም፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው ናቲንግ ወደ ቅርንጫፉ የሚመለሰውን ትራፊክ አብሮ እየጠለፈው ነው። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ትራፊኩ ታነሉ ውስጥ አልገባም።

የራውተሩን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር መሙላት

በይለፍ ቁልፍ ፈንታ ሰርተፍኬት (ዲጂታል መታወቂያ) በሚጠቀም ታነል ላይ ብቻ የሚመጣ፣ ግን እዚህ አገር በቀላሉ የሚፈጠር ስህተት ነው። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ለምሳሌ 2018 ብሎ የሞላ ሰው ራውተሩን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ይመልሰዋል፤ ሰርተፍኬቱም ገና ያልጀመረ ተብሎ ውድቅ ይሆናል። የሰዓት ባትሪ የሌለው ራውተር መብራት ሄዶ ሲመጣ 1970 ላይ ሊነሣ ይችላል፤ ውጤቱ ያው ነው። ሎግ ሲነጻጸርም ተመሳሳይ መምታታት አለ፦ ባሕር ዳር ያለው ሰው በስልክ «ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወደቀ» ሲል ራውተሩ ላይ 09:00 ነው፣ በዩቲሲ (ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደኋላ በሆነው የዓለም መነሻ ሰዓት) የሚመዘግበው የዋና መሥሪያ ቤቱ ፋየርዎል ላይ ደግሞ 06:00።

ሰዓቱን ኤንቲፒ (ትክክለኛ ሰዓት ከሰርቨር የሚያመጣ ፕሮቶኮል) ይሙላው። ሰርቨሩ ግን ከታነሉ ማዶ ያለ አድራሻ አይሁን፤ ሰዓቱ ሳይስተካከል ታነሉ አይነሣም፣ ታነሉ ሳይነሣ ሰዓቱ አይስተካከልም። ዩዲፒ 123 በቀጥታ በኢንተርኔቱ በኩል ይውጣ፣ ራውተሩ ሲነሣም ሰዓቱ እስኪገጥም ታነሉ ራሱ ደጋግሞ እንዲሞክር ይዋቀር።